የማይታየውን ቀዳዳ በጢስ ስለ መፈለግ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በሳይንስ ክበብ ስም የተደረገ ንግግር



 ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ ከዋክብትና ስለ ውቅያኖስ ነግረውናል። እኔ የምነግራችሁ ግን የክብሪት እንጨት ውፍረት ስለምታህል አንዲት ቀዳዳ ነው። ቀዳዳዋ የተገኘችው በአባቴ መኪና ሞተር ላይ ነው። ከመገኘቷ በፊት ቤታችንን ሦስት ወር ያህል አስጨንቃዋለች። ለጭንቀቱ አንዱ ምክንያት የሆንሁት ደግሞ እኔ ራሴ ስለ ሆንሁ፥ ነገሩን ሳልሸሽግ ለመናገር አስቤአለሁ።

አባቴ በመኪናው ሰው እያመላለሰ ነው የሚያስተዳድረን። መኪናዋ ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል። ባለፈው ዓመት ክረምቱ እንዳለቀ መንቀጥቀጥ ጀመረች። በመንገድ ላይ ስትሄድ ደኅና ናት፤ የትራፊክ መብራት ይዞአት ስትቆም ግን ትርገበገባለች፥ አንዳንዴም ጭራሽ ትጠፋለች። ቤንዚንም ትበላለች። ከመሪው ፊት ለፊት ያለው የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራትም በርቶ ቀረ። ተሳፋሪ ጭኖ በመስቀለኛ መንገድ መካከል ሞተር የጠፋበት ሰው ከኋላው የሚሰማውን የጡሩምባ ጩኸትና ስድብ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

እኔም በዚያን ጊዜ ከጓደኛዬ አንዲት የመመርመሪያ ዕቃ ተውሼ መጣሁ። ከመሪው ሥር ተሰክታ የመኪናውን ኮምፒዩተር ቃል በስልክ ላይ የምታነብ ትንሽ ዕቃ ናት። ፒ 0171 የሚል ቁጥር አወጣች። ትርጓሜውን ስፈልግ «ድብልቁ ቀጭን ነው» የሚል ሆነ፤ ይኸውም ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር በዝቶ ቤንዚኑ አንሶአል ማለት ነው። ይህን የሚያውቀው በጢስ መውጫው ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር እንደ ሆነም አነበብሁ። ከዚህ በኋላ አንድም ሳልጠራጠር «አባባ፥ የተበላሸው ሴንሰሩ ነው» አልሁት። እርሱም የተማረ ልጅ አለኝ ብሎ አመነኝና አዲስ ገዛ። መብራቱ ሁለት ቀን ጠፍቶ በሦስተኛው ተመልሶ በራ። ወሬኛው እውነቱን ቢነግረኝ፥ እኔ ወሬኛውን ከሥራ አስወጣሁት ማለት ነው። አሮጌው ሴንሰር እስከ ዛሬ በጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ አንዳችም ነውር የለበትም።

ከዚያ በኋላ ወደ ጋራዥ ተወሰደች። ካንዴላዎቹ ተለወጡ። አልተሻላትም። የቤንዚን ፓምፑ ተለወጠ። አልተሻላትም። እናቴ ለሌላ ጉዳይ ያስቀመጠችው ገንዘብ በዚህ አለቀ።

ባለእጁን ልወቅሰው አልፈልግም። አንድ ቀን አጠገቡ ቁጭ ብዬ ስመለከት የገባኝ ነገር አለ። ሦስት ሰዓት ደክሞ «ችግሩን እየፈለግሁ ነው» ያለውን ባለእጅ፥ ባለ መኪናው «ምን ሠራህና ነው የምከፍልህ?» ይለዋል። አንድ ዕቃ ነቅሎ አዲስ የተከለውን ግን ሳይከራከር ይከፍለዋል። እንግዲህ ለፍለጋ የማንከፍል፥ ለዕቃ ግን የምንከፍል ከሆነ፥ ባለእጁ ምን ያድርግ? ዕቃ ይለውጣል። እኛም ቤት የሆነው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ሞተሩ ልመለስና ቀዳዳ በሞተር ላይ ምን እንደሚያደርግ ላስረዳ። የቤንዚን ሞተር አየር የሚያገኘው እንደ እኛ በመተንፈስ ነው። ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ አየር ይስባል። እግራችን ከነዳጅ መስጫው ላይ በተነሣ ጊዜ የአየሩ በር ለመዘጋት ጥቂት ስለሚቀረው፥ ከበሩ በስተጀርባ ባለው አየር ማከፋፈያ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር እጅግ ያንሳል። ይህን ዝቅ ያለ ዙር ባለእጆች ሚኒሞ ይሉታል፤ የግፊቱን ጉድለት ደግሞ መጻሕፍት ቫኪዩም ይሉታል። በዚያ ክፍል ላይ ስንጥቅ ቢኖር የውጭው አየር በሩን ትቶ በስንጥቁ ይገባል። ጎማ ስለሚያረጅ፥ ጓርኒሲዮንም ስለሚደርቅ፥ በአሮጌ መኪና ላይ ይህ የተለመደ ነገር ነው።

በእኛ ዓይነት መኪና የሚገባውን አየር የሚመዝን ሴንሰር ከአየር ማጣሪያው ቀጥሎ ተቀምጦአል። ኮምፒዩተሩም በተመዘነው አየር ልክ ቤንዚን ይሰጣል፤ ለ1 ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም ያህል አየር መሆኑ ነው። በስንጥቁ የገባው አየር ግን በሚዛኑ ላይ አላለፈም። ኬላ ሳያይ በጓሮ የገባ ዕቃ ማለት ነው።

ጓደኞቼ ሂሳቡን ተከታተሉ። የእኛን ያህል ሞተር በሚኒሞ ሲሠራ በሴኮንድ 2 ግራም ያህል አየር ይበቃዋል። በስንጥቁ ግማሽ ግራም ቢገባ፥ ኮምፒዩተሩ ሳያውቀው የገባው ትርፍ ከታወቀው አየር 25 በመቶ ሆነ። ሞተሩ ሳይጫን በደቂቃ 2,500 ዙር ሲሠራ ግን 8 ግራም ያህል ይስባል፤ ያው ግማሽ ግራም ቢገባ ትርፉ 6 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ በስንጥቅ የታመመ ሞተር ቆሞ ሲነቀነቅ ሲሄድ ይሻለዋል። ፓምፑ የደከመ ወይም የቤንዚን ማጣሪያው የተደፈነ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ብዙ ቤንዚን በተፈለገ ቁጥር ጉድለቱ ይብሳል። ኮምፒዩተሩ የጨመረውን ቤንዚን በመቶኛ ስለሚያሳይ፥ ይህን ለማወቅ አንድ ሳንቲም አያስፈልግም። በእኛ መኪና በሚኒሞ 24፥ በ2,500 ዙር 7 በመቶ ነበር። ቁጥሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእጄ በያዝሁት ስልክ ላይ ነበረ። እኔ ግን የስሕተቱን ቁጥር ብቻ አንብቤ፥ ይህን ሳልገልጥ ቀረሁ። ፓምፑ ከተለወጠ በኋላ ነው ያየሁት።

ይህ ሂሳብ የማይሠራባቸው መኪናዎች እንዳሉም ልናገር። አንዳንዶቹ አየሩን አይመዝኑም፤ በማከፋፈያው ውስጥ ያለውን ግፊት ለክተው የአየሩን መጠን ይገምታሉ። በእነዚህ ላይ ስንጥቅ ሲኖር ኮምፒዩተሩ ቤንዚን ጨምሮ ስለሚሰጥ፥ ሞተሩ በመድከም ፈንታ ቆሞ ሳለ ይጮኻል። የጎረቤታችን መኪና እንዲህ ነበረች፤ ስንጥቁን የፈለገ ሳይኖር ሁሉም ዙሯን ለመቀነስ ቡሎን ያዞርባት ነበር።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ግፊትን የሚለካ ሰዓት የገዛ ሰው ከዕቃው ጋር የሚመጣውን ወረቀት ሲያነብ፥ ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ከ17 እስከ 22 ኢንች ሜርኩሪ ቫኪዩም ያሳያል ይለዋል። ይህ የተጻፈው በባሕር ጠረፍ ለሚኖሩ ነው። ቶሪቼሊ የተባለው የኢጣሊያ ሊቅ በ17ኛው መቶ ዓመት በሜርኩሪ ያሳየው የአየር ክብደት፥ በባሕር ጠረፍ 760 ሚሊ ሜትር ሲሆን፥ ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው በአዲስ አበባ ወደ 575 ዝቅ ይላል። ወደ ላይ 300 ሜትር ያህል በወጣን ቁጥር ሰዓቱ አንድ ኢንች ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ እዚህ ጤነኛው ሞተር ከ10 እስከ 14 ቢያሳይ አትደንግጡ። ወረቀቱን አምኖ ደኅና ሞተር የሚያስፈታ ሰው ይኖራል ብዬ እፈራለሁ።

እንግዲህ ስንጥቅ እንዳለ በሂሳብ ታወቀ። የት ነው? ጥያቄው ይህ ነበር። ባለእጆች ሞተሩ እየሠራ የካርቡራተር ማጽጃ በቱቦዎቹ ላይ ይረጫሉ፤ ፈሳሹ በስንጥቁ ሲሳብ የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል። በዚህ መንገድ የሚገኝ ስንጥቅ ብዙ ነው። ነገር ግን የሚረጨው ነገር እንደ ቤንዚን የሚቀጣጠል ሲሆን፥ የሚረጨውም በጋለ ብረትና በኤሌክትሪክ ሽቦ መካከል ነው። እኛም ሞክረነው አላገኘንም፤ ለምን እንዳላገኘን ኋላ ትሰማላችሁ። አጭር ቱቦ ጆሮ ላይ አድርጎ ፉጨቱን መስማትም አለ። ጎበዝ ጆሮ ላለው ይሆናል፤ ለእኔ ግን ሞተሩ ሁሉ ያፏጭ ነበር።

በቤታችን ስለ ጢስ ምርመራ ማንበብ በጀመርሁበት ሰሞን እናቴ ምን እንደማነብ ጠየቀችኝ። ባለ ሞያዎች ወደ ሞተር ውስጥ ጢስ እየነፉ የሚወጣበትን እንደሚያዩ ነገርኋት። «ይህን ለማወቅ ነው እንዴ ይህን ያህል ጊዜ የፈጀኸው? ጋን በወይራ ስናጥን ስንጥቁን የሚነግረን ምን መሰለህ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ለጠላ የሚታጠን ጋን በጭሱ ላይ ሲደፋ፥ ያልታየው ስንጥቅ ሁሉ ቀጭን የጢስ ክር ያወጣል። ጎሚስታውም ቢሆን የተነፋውን የጎማ ላስቲክ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ ሲወጣ የሚያየው በዚሁ ብልሃት ነው።

የብልሃቱ ምሥጢር መገልበጡ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ስንጥቁ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ወደ ውስጥ የሚሳብ አየር ደግሞ ለዓይን አይታይም። ሞተሩን አጥፍተን ከውስጥ ወደ ውጭ ብንነፋ ግን ያው ስንጥቅ ወደ ውጭ ይተነፍሳል። ትንፋሹ ጢስ ያለበት ከሆነ በባትሪ መብራት ይታያል።

ስለ መሣሪያው አሠራር ብዙ ጠይቃችሁኛልና ሰፋ አድርጌ እናገራለሁ። ክዳኑ በሚገባ የሚገጥም የቀለም ቆርቆሮ ወስደን በክዳኑ ላይ ሦስት ነገር ተከልን። አንደኛው አየር የሚገባበት ቧንቧ ነው። ሁለተኛው ጢስ የሚወጣበት ነው። ሦስተኛው የዲዝል ሞተር በብርድ ሲነሣ የሚያሞቀው ካንዴላ ነው። የካንዴላው ጫፍ በዘይት በተነከረ የመስታወት ጭረት ጨርቅ ተጠቅልሎአል። ዘይቱ ለሕፃናት ገላ የሚቀባው ንጹሕ የማዕድን ዘይት ነው። የምግብ ዘይት አይሆንም፥ እንደ ሙጫ ይጋገራል። የተቃጠለ የሞተር ዘይትና የፍሬን ዘይት ጢሳቸው ለሰው ይጎዳል። ቤንዚን ወይም ናፍጣ ማድረግማ ቦምብ መሥራት ነው። ካንዴላው ከመኪናው ከተለየ የ12 ቮልት ባትሪ በፊዩዝ በኩል ይያያዛል፤ በላዩ የተጻፈው ቮልት ከዚህ ያነሰ ከሆነ ይቃጠላልና አስቀድማችሁ አንብቡ። ከ10 እስከ 15 ሴኮንድ አብርቶ ማጥፋት ነው። ጨርቁ ከደረቀ ሊነድ ስለሚችል፥ ዘይቱን ሳያዩ ደጋግሞ ማብራት አይገባም።

መጀመሪያ የሠራሁት ግን በቆርቆሮ አልነበረም፤ በማርማላታ ጠርሙስ ነበር። አየሩንም የነፋሁት ጎማ በሚነፋ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። የፊዚክስ መምህራችን መጥተው አዩና ያለ አንድ ቃል ሶኬቱን ነቀሉት። ከዚያ ወረቀት አውጥተው አስቆጠሩኝ። የጎማ ፓምፕ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ብዙ ኪሎ ግራም ሊገፋ ይችላል። ጠርሙስ ይህን አይችልም፤ በሞተሩ ላይ ያሉት ስስ የፕላስቲክ ክፍሎችና ማኅተሞችም አይችሉም። ለዚህ ምርመራ የሚበቃው 35 ግራም ብቻ ነው።

35 ግራምን ያለ ውድ መቆጣጠሪያ እንዴት እናገኛለን? መምህራችን ያሳዩኝን ነገር አሁንም ሳስበው ደስ ይለኛል። ከፓምፑ በሚመጣው ቧንቧ ላይ ቅርንጫፍ አወጣንና የቅርንጫፉን ጫፍ ውሃ በሞላ ጀሪካን ውስጥ ከውሃው ፊት 35 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች አጠለቅነው። ግፊቱ ከ35 ሴንቲ ሜትር ውሃ ክብደት ያለፈ እንደ ሆነ፥ ትርፉ አየር እየተንቦጫቦጨ በጀሪካኑ በኩል ይወጣል። ቅርንጫፉ ሰፊ፥ ፓምፑም ደካማ ሆኖ ትርፉን ለማሳለፍ የሚችል መሆን አለበት እንጂ፥ ይህ መቆጣጠሪያ አይሰበርም፥ አይዝግም፥ ዋጋውም የአንድ ጀሪካን ውሃ ነው። የሰባተኛ ክፍል ትምህርት ነው፤ እኔ ግን ተፈትኜበት አልፌ ረስቼው ነበር።

ምርመራውን ያደረግነው እሑድ ጧት፥ ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ከቀዘቀዘ በኋላ፥ በግቢያችን ውስጥ ነፋስ በሌለበት ነው። የእሳት ማጥፊያ አጠገባችን ነበር። ቤንዚን የሚሸት መኪና ላይ ይህ ሥራ ጨርሶ አይጀመርም፤ ወደ ቤንዚን መያዣ የሚሄዱትንም ቧንቧዎች አልነካንም። ከአየር ማጣሪያው በኋላ ያለውን ትልቁን ቱቦ ፈትተን አፉን በላስቲክ ጓንት አሠርነው። ጢሱን ያስገባነው ለፍሬን ማጠናከሪያው ቫኪዩም በሚሄደው ቱቦ መግጠሚያ በኩል ነው። እንዲህ ሲሆን የአየር ሚዛኑ ሴንሰር ዘይት አይነካውም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጓንቱ ቀስ እያለ ተነፋና አምስት ጣቶቹን ዘርግቶ ቆመ። ታናሽ እኅቴ ሳቀች፤ እኛ ግን ግፊት እንደ ያዘ ያወቅነው በእርሱ ነው። ቀጥሎ ከመኪናው ኋላ በጢስ መውጫው ጥቂት ጢስ ወጣ። አባቴ «አገኘኸው!» አለ። አይደለም፤ ሞተሩ በቆመበት ጊዜ ክፍት የሆኑ ቫልቮች ስለሚኖሩ፥ በዚያ በኩል ጢስ ቢወጣ ደኅና ነው። በዘይት መለኪያው ዘንግ በኩልም ጥቂት ሊወጣ ይችላል። ይህን ሳያውቅ የሚመረምር ሰው የሌለ በሽታ ያገኛል።

ሁለት ደቂቃ ያህል ምንም አልታየም። ባለፈው የረጨንባቸው ቱቦዎች ሁሉ ደኅና ነበሩ። እኔም ተስፋ ቆርጬ ልነሣ ስል፥ አባቴ በሞተሩ ሥር በጉልበቱ ተንበርክኮ መብራቱን ከታች ወደ ላይ ያዘና «ይኸ ምንድር ነው?» አለ። ከማከፋፈያው ጀርባ፥ እጅ ከማይገባበት ቦታ፥ እንደ ዕጣን ጢስ ቀጥ ያለ ክር ይወጣ ነበር። የሞተሩን የውስጥ ትንፋሽ ወደ ማከፋፈያው የሚመልሰው ጎማ ቱቦ ልክ እንደ ክርን በታጠፈበት ላይ፥ በሆዱ በኩል ተሰንጥቆአል። ከላይ ሲያዩት አዲስ ይመስላል። የዘይት እንፋሎትና ሙቀት ከውስጥ በልተውት ለስልሶአል። ስንረጭ ያላገኘነው ፈሳሹ ከላይ ስለሚወርድና ስንጥቁ ከታች ስለ ነበረ ነው።

ቱቦው ተለወጠ፤ በሁለት ፋሼታ ጠበቀ። ዋጋውን ብነግራችሁ እናቴ እዚህ ተቀምጣለችና እንደገና ታዝናለች። በሳምንቱ ኮምፒዩተሩ የሚጨምረው ቤንዚን ከ24 ወደ 3 በመቶ ወረደ፤ መብራቱም ጠፍቶ ቀረ። አባቴ ስለ ሴንሰሩ አንድም ቀን አንሥቶ አልተናገረኝም። ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለ ጢስ ምርመራ ያልተገባ ተስፋ እንዳትይዙ ጥቂት ልጨምር። ሞተሩ ሲግል ብቻ የሚከፈት ስንጥቅ በቀዝቃዛ ሞተር ላይ ላይታይ ይችላል። ጢሱን ያስገባንበት መስመር ራሱ አይመረመርም፤ እኛም የፍሬን ማጠናከሪያውን ለብቻው ፔዳሉን እየረገጥን በጆሮ አዳምጠን ነው ያጣራነው። የደከመ ፓምፕንም ጢስ አይናገርም። ደግሞም ለአንድ ቤት አንድ መሣሪያ መግዛት ከንቱ ወጪ ይመስለኛል። በሰፈር አንድ ቢኖር፥ ወይም ባለእጁ ዘንድ ቢኖርና የምርመራው ዋጋ ለብቻው ቢከፈለው ይበቃል። ይህን ሐሳብ ላዩት ወላጆች እተዋለሁ።

ከዚህ ስብሰባ በኋላ መሣሪያችን በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ደጃፍ ላይ ይታያል። አባቴ መኪናውን ይዞ ሥራ ላይ ስለሆነ በእርሷ ላይ ልናሳያችሁ አንችልም። የተሰነጠቀው አሮጌ ቱቦ ግን አለ፤ አንዱን ጫፉን ደፍነን ጢሱን በሌላው እንነፋዋለን። ጀሪካኑን እባካችሁ አትንኩት። ስንጥቁን ለማየት የምትፈልጉ ከታች ተመልከቱ፤ ከላይ አይታይም።